ስለ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ትክክለኛነት

በጅማ ከተማ ከጊንጆ ጉዱሩ ሱቆች ጀምሮ እስከ አጋሮ የቡና መጋዘኖች ድረስ፣ ባለ ድንጋዩ ሚዛን ቦታውን ለኤሌክትሮኒኩ እየለቀቀ መሆኑ የታወቀ ነው። አዲሱ ሚዛን ፈጣን ነው፤ ቍጥሩንም አብርቶ ስለሚያሳይ ሻጭም ገዢም ያለ ክርክር ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ ቍጥርን አድቅቆ ማሳየትና እውነተኛውን ክብደት መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በአሜሪካ ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉ አዳኞች ባሩድ እየመዘነ የሚያፈስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው 6 ሚሊግራም ተኩል ያህል ልዩነት ያሳያል። እንደዚህም ሆኖ ጠንቃቃው ሰው ክብደቱ በታወቀ ድንጋይ ሳይፈትነው ሥራ አይጀምርም፤ ባሩድ ሲበዛ ጠመንጃው ሊፈነዳ ይችላልና። የቡና ነጋዴ ኪሳራ ግን ድምፅ ስለሌለው ቶሎ አይሰማም።

የስሕተቱ ምንጭ ከአሠራሩ ይታያል። የጥንቱ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ዕቃን ከድንጋይ ጋራ ስለሚያስተያይ የትም ቢሄድ ፍርዱ አይለወጥም። በኤሌክትሮኒኩ ግን ከሳሕኑ ሥር ያለው ብረት ጭነት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይጐብጣል፤ በላዩ የተለጠፉት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም አብረው ይሳባሉ፤ ይኸው ለውጥ ወደ ቍጥር ይመለሳል። እንግዲህ የሚለካው መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው። ይህም ኃይል ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡና ወደ ከፍተኛ ስፍራ ሲወጡ ይቀንሳል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ወለልም ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ በአውሮፓ ፋብሪካ ተስተካክሎ፣ እንደ መጣ የተተከለ ሚዛን በዚህ ከ1,000 እጅ 3 ያህሉን አጕድሎ ያነባል። ይኸውም በ60 ኪሎ ጆንያ 200 ግራም፣ በ100 ጆንያ 20 ኪሎ ያህል ማለት ነው፤ ከአንድ ፈረሱላ ይበልጣል።

በእንዲህ ያለ ሚዛን ቡናውን የሚያስረክብ ሰው ሳያውቀው ይጐዳል። በጅማ በትክክል ተመዝኖ የተጫነ ቡና አዲስ አበባ ባልተስተካከለ ሚዛን ላይ ሲወጣም እንዲሁ ጐድሎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የሚጠረጠሩት ሾፌሩና ረዳቱ እንጂ ሚዛኑ አይደለም።

መድኃኒቱ ሚዛኑን በሚሠራበት ስፍራ በባለሙያ ማስተካከል ነው። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሚዛን ጅማ ቢመጣ ከመሬት ስበት የሚደርሰው ልዩነት በጆንያ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ በመንገድ የሚደርስበት መንገላታት ይበልጥ ያሳስባል።

ከዚህም በቀር የየዕለቱ ጥንቃቄ አለ። ሚዛኑ በደልዳላ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ካበሩትም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከሳሕኑ ሥር የገባ የጀንፈል ገለባ ብረቱን ደግፎ ክብደት ይሰርቃል። ኮረሪማና ቅመም በግራም የሚሸጥ ባለሱቅ ደግሞ ሚዛኑን ከበር ነፋስ ያርቀው።

ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ክብደቱ የተመሰከረለት ባለ 20 ኪሎ ድንጋይ በሳሕኑ መካከልና በአራቱ ማዕዘን እየተቀመጠ የተነበበው ቍጥር በደብተር ይጻፍ። ለጆንያ ሚዛን ግን ሦስት እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ባንድነት መጫን አለባቸው፤ በ20 ኪሎ ልክ የሆነ በ60 ላይ ሊስት ይችላልና። ማዕዘኖቹ የተለያየ ቍጥር ከሰጡ፣ ማኅተሙን ሳይነኩ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ በሌላ ሚዛን መሥራት ይሻላል።