ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

የዛሬ ተማሪ ገንዘብ ሲባል ወረቀት ወይም በስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር ይመስለዋል። በጥንቱ የወላይታ ገበያ ግን ገንዘብ ማለት ብረት ነበር። ማርጩዋ የሚባለው፣ ከብረት ቀጥቃጭ እጅ የወጣ ብረት፣ ዕቃ ይገዛበትና ይሸጥበት ነበር። ብረትን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ሰው ግን በአገሩ ክብር አልነበረውም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በ1887 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ገጠሙ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር ይኸው ዓመት ተጽፎበት ወጣ። በዚያው ዓመት ሠራዊታቸው ወደ ወላይታ ዘመተ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላም ካዎ ጦና ተማረኩ። በዚያ ዘመን በሠራዊቱ እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ፣ ሕዝባችን ውጅግራ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳዮች አጠራር የተወሰደ ነው።

ብር ለትንሽ ሸመታ ትልቅ ነው። ጥቂት እህል ለመግዛት አንድ ብር ይዞ የወጣ ሰው መልሱን በምን ይቀበል? በብዙ አገር በአሞሌ ጨው ይቀበል ነበር። በሌላ ስፍራ፣ በተለይም በደቡብና በምዕራብ፣ የውጅግራ ጥይት የዝርዝርን ቦታ ያዘ። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ምክንያት ነበረው። ጥይት መጠኑ እኩል ነው፤ እንደ አሞሌ ዝናብ አያሟሟውም፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይፈልገዋል።

ነገር ግን ከብር የሚለይበት አንድ ጉድለት አለው፤ ይኸውም ሆዱ አይታይም። ጥይት አራት ነገር ነው፤ እርሳስ፣ ባሩድ፣ እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ፣ እነዚህንም የሚይዘው የናስ ቀለሃ። ሲተኮስ ሦስቱ ይጠፋሉ፤ ቀለሃው ግን ይቀራል። ለመሥራት የሚያስቸግረውም እርሱ ስለሆነ ብልህ ተኳሽ ባዶውን አይጥልም፤ ለቅሞ እንደገና ያስሞላዋል።

ናስ መዳብና ዚንክ የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። ባሩዱ ሲነድ ቀለሃው ያብጥና ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ ወዲያውም ጥቂት ይሰበሰባል። እንደገና ለመሙላት በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ወደ ልኩ ሲመለስ ናሱ ወደ አንገቱ ይሳባል። በተለይ በኃይለኛ ጥይት ይህ ከተደጋገመ ቀለሃው ይረዝማል። ከልክ በላይ የረዘመ ቀለሃ አፉ ከጠመንጃው በር ይወተፍና እርሳሱን አንቆ ይይዛል፤ ኃይሉም መውጫ ሲያጣ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፣ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በውጭ አገር ይህን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ቀለሃውን በመለኪያ ለክተው፣ አፉን ቆርጠው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ያለሰልሱታል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከአፍ የሚቆረጠው ናስ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም፤ ከቀለሃው ግድግዳ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ተስቦ የሄደ ነው። አፉ በተቆረጠ ቁጥር ወገቡ ሳስቷል ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን አልቋል። አንድ ቀንም ከወገቡ ይበጠሳል። እንግዲህ ቀለሃን ማሳጠር ችግሩን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ያረጀውን አያድሰውም።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ስላደረገው፣ ጥይት በጓዳ መሙላት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። የቀለሃው ናስ ግን ሌላ ሥራ አግኝቷል። በእንጦጦ አካባቢ የእጅ ባለሙያዎች አቅልጠው ዶቃና ጌጥ ይሠሩበታል።

አሁን ወደ ብረት ቀጥቃጩ እንመለስ። ማርጩዋም ሆነ የተሞላ ጥይት፣ ዋጋው የሚቆመው በሠራተኛው እጅ ልክ ላይ ነበር። የማርጩዋ ልክ ቢጎድል ገበያ ይጎዳል፤ የቀለሃ ልክ ቢበልጥ ሰው ይሞታል። ይህን ያህል አደራ የተሸከመ እጅ ግን ሲናቅ ኖረ። በወላይታ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር በጋብቻ አይተሳሰሩም ነበር፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ አፍን ዘጋ፤ ልብን ግን ወዲያው አልለወጠም።

ዛሬ የሶዶ ተማሪ በትምህርት ቤት ስለ ማዕድን መለጠጥ ይማራል፤ ቁጥሩን በትክክል ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በገበያው ማጭድና ቢላዋ ዘርግቶ የሚሸጠውን ሰው ያያል። ያ ሰው ብረቱ መቼ እንደሚለሰልስ፣ መቼ እንደሚሰነጠቅ በዓይኑና በእጁ ያውቃል። ተማሪው ቀርቦ ቢጠይቀው ሁለቱም ይጠቀማሉ። ንቆት ካለፈ ግን ትምህርቱ እንደዚያ አሮጌ ቀለሃ ነው፤ አፉ ተስተካክሎ ያብረቀርቃል፤ ወገቡ ግን ሳስቷል።