«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ድካም፦ ስለ ልብ ደቃቅ የደም ሥሮች

በየመንደሩ ለሥራ ስንዘዋወር ከአረጋውያን ደጋግመን የምንሰማው ቃል አለ፤ «ዳገቱ ዘንድሮ ከበደኝ፤ ደረቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ ቆሜ አርፋለሁ፤ ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላሉ። ቤተሰብም ቃሉን ተቀብሎ ዝም ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ንግግር ሊመረመር የሚገባው የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታ ጡንቻ ነው። ለራሱ የሚያስፈልገውን ደም የሚያመጡለት የደም ሥሮች እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ ሄደው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይሆናሉ። የመስኖ ሥራን ለሚያውቅ ምሳሌው ቅርብ ነው። ዋናው ቦይ ውኃውን ያደርሳል፤ እያንዳንዱ መደብ የሚያገኘውን መጠን የሚወስነው ግን የትንንሾቹ ቦዮች አከፋፈት ነው። በልብም ደሙን እንደ ፍላጎቱ የሚመጥኑት ደቃቆቹ ሥሮች ናቸው።

የልብ ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ እንኳ ከሚደርሰው ደም አብዛኛውን ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ዳገት ስንወጣ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚያገኘው በዋናነት ተጨማሪ ደም ሲፈስለት ነው። በጤናማ ወጣት ልብ ውስጥ ደቃቆቹ ሥሮች ሰፍተው ፍሰቱን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ሊያሳድጉት ይችላሉ።

ዕድሜ ሲገፋ ይህ የመስፋት ችሎታ ይቀንሳል። አንደኛ፣ የሥሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ሥሮቹን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንደ ቀድሞው ማቅረብ ይሳነዋል። የዚህ ንጥረ ነገር ጥቅም መታወቅ በ1998 እ.ኤ.አ. ለሦስት ተመራማሪዎች የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ሁለተኛ፣ የደቃቆቹ ሥሮች ግድግዳ ይደድራል፤ የቀጫጭኖቹም ብዛት ይመናመናል። ሦስተኛ፣ ልብ ለራሱ አብዛኛውን ደም የሚያገኘው በሁለት ምቶች መካከል ሲላላ ነው፤ ታላላቆቹ የደም ሥሮች ሲደድሩ ግን በዚያች ቅጽበት ደሙን የሚገፋው ግፊት ይቀንሳል። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ትምባሆ ይህን ጉዳት ያፋጥኑታል።

ችግሩ በተለይ የወር አበባቸው በተቋረጠ እናቶች ላይ በብዛት ይታያል። ሥሮቹን በራጅ የሚያሳየው የተለመደው ምርመራ ታላላቆቹን እንጂ ደቃቆቹን አያሳይም። በመሆኑም «ሥርዎ ክፍት ነው» የተባለ ሰው ሕመሙ ከቀጠለ ወደ ሐኪሙ ሊመለስ ይገባል።

ዕድሜን መመለስ አይቻልም፤ ጉዳቱን ማዘግየት ግን ይቻላል። የደም ግፊትንና ስኳርን በየጊዜው መለካት፣ የታዘዘን መድኃኒት አለማቋረጥ፣ ጨውን በቀን ከ5 ግራም በታች ማድረግ፣ ከትምባሆ መራቅና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠቅማል። እንቅስቃሴ በእርጅናም ዘመን ቢሆን የደም ሥሮችን ሥራ ያሻሽላል። ደረታቸውን የሚይዛቸው ሰዎች ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በዕረፍት ላይ ሳሉ የሚጀምር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለበት የደረት ሕመም ሲከሰት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን «እርጅና ነው» ሲሉን መቼ እንደሚጀምራቸው፣ ሲያርፉ እንደሚተዋቸው እንጠይቃቸው። ከዚያም ብቻቸውን ሳንተዋቸው እስከ ጤና ጣቢያው እናድርሳቸው።