የየጁ ራሶች ለምን አልነገሡም?

ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ዘውድ የጫኑት ነገሥታት ከግቢያቸው ደጅ ያለፈ ሥልጣን አልነበራቸውም። አገሩን የያዙት ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ካሉበት ከየጁ የወጡ ራሶች ነበሩ። ቤቱ «ወረ ሼህ» ይባላል፤ በትውፊት ዘሩን ከአንድ ሼህ ይቆጥራል። በታሪክ ጎልቶ የወጣው ግን ከአባ ሴሩ ጓንጉል ልጅ ከታላቁ ራስ አሊ ጀምሮ ነው።

መንገዱን የጠረገላቸው የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ነው። በ1761 ዓ.ም. አፄ ኢዮአስን ሲያስገድል የዘውዱ ክብር አብሮ ወደቀ። በ1776 ዓ.ም. ራስ አሊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ከዙፋን አወረዱ። ይህ ንጉሥ በአንዱ መስፍን እየወጣ በሌላው እየወረደ ስድስት ጊዜ ነግሧል፤ ዘመኑን ለማወቅ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም።

ታዲያ ንጉሥ የሚሾም የሚሽር ለምን ራሱ አይነግሥም? ዘውድ የሰሎሞን ዘር ነኝ ለሚል ብቻ ነበርና። የየጁ መኳንንት ተጠምቀው ቤተ ክርስቲያን ቢተክሉም፣ ጠላቶቻቸው የእስልምና ዘራቸውን እያነሱ ካህናቱንና ሕዝቡን ያነሣሡባቸው ነበር። ስለዚህ ስሙን ለንጉሡ ትተው ጦሩንና ግብሩን ያዙ። በዚያው ዘመን ሾጉን የሚባሉት የጃፓን የጦር ገዥዎችም ንጉሠ ነገሥቱን ኪዮቶ አስቀምጠው እንዲሁ ይገዙ ነበር።

የቤቱ ብልህ ሰው ራስ ጉግሣ ናቸው። መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው የበጌምድርን ባላባቶች ርስት እየነጠቁ አዳከሙ፤ ሴት ልጆቻቸውን ደግሞ ለየአገሩ ገዥዎች ዳሩ። በ1817 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በተከታታይ ተተኩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከትግራይ ነው። ደጃዝማች ሰባጋዲስ ብዙ ጠመንጃ ነበራቸው፤ የየጁ ጉልበት ግን ፈረሰኛው ነበር። በየካቲት 1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ሲገጥሙ ራስ ማርዬ ወደቁ፤ ጦራቸው ግን አሸነፈ፣ የተማረኩት ሰባጋዲስም ተገደሉ። በዚያ ጦርነት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ከየጁ ጎን ተሰልፈው ነበር። በእኔ ግምት የየጁን ቤት ያን ያህል ያቆየው ይኸው የባላንጣዎቹ እርስ በርስ አለመተማመን ነው።

ውቤ ራሳቸው ኋላ ተነሡ። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ያን ጊዜ የየጁን ቤት ይመሩ የነበሩትን የዳግማዊ ራስ አሊን ጦር ድል አደረጉ፤ አሊም ሸሹ። ውቤ ድሉን ሲያከብሩ ግን የአሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረካቸው! ከዚያ በኋላ ከአሊ ጋር ታርቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ።

ቤቱን ያፈረሰው የአሊ አማች ነው። የቋራውን ካሣ ኃይሉን ለማባበል የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ አልረጋም። በ1845 ዓ.ም. የጎጃሙን ጎሹን፣ ብሩ አሊጋዝን፣ በመጨረሻም በሰኔ አይሻል ላይ አሊን ድል ነሣ። አሊ ወደ የጁ ሸሹ። ካሣ እንደ የጁ ራሶች ሌላ ሰው ለማንገሥ አልፈለገም፤ ውቤንም አሸንፎ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ራሱ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውዱን ጫነ።

ራስ ጉግሣ ሴት ልጆቻቸውን ለገዥዎች መዳራቸው ግን ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም። በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ የጫኑት ጣይቱ ብጡል በአባታቸው በኩል የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው።