ካርድ ከወጣ በኋላ

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሐኪሙ በአማርኛ። አሮጊቷ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞረው በሐድይሳ ጀመሩ። እጃቸው ከሆዳቸው ተነስቶ ጀርባቸውን ዞረ፣ ትከሻቸው ላይ ቆየ፤ መሀል ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። «ከመስቀል ወዲህ ነው፤ ሆዷን ያቃጥላታል» አለች ልጅቷ። እኔ ግን የሐድያን በዓል «ያሆዴ»ን ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ጀርባውንና ትከሻውን ማንም አልተረጎመውም። ይህን ያየሁት በሐድያ አካባቢ ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ዘመድ ላሳክም በሄድኩበት ጠዋት ነው።

ከአካባቢው ሆስፒታሎች መካከል ሆሳዕና የሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከሐድያ ገራድ (ገዥ) ልጅ፣ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ነው። ዛሬ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሲሆን ከሐድያ ወረዳዎች አልፎ ከከምባታ፣ ከስልጤና ከሃላባም ሕመምተኛ ይመጣበታል። በአገሪቱ አወቃቀር የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100 ሺህ ሰው ያገለግላል ይባላል። ሰው ግን በእርከን አይታመምም። ዱራሜ ወይም ሾኔ አጠገቡ ሐኪም እያለ ሌሊት ተነስቶ ሆሳዕና የሚገባው «እዚያ ማሽን አለ» ብሎ ነው።

የጤና መድኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር የገባው ቃል ቀላል ነበር፤ መዋጮህን በዓመት ክፈል፣ ስትታመም ኪስህ አይነካም። ሆኖም አባሉ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። አቋርጦ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ሥርዓቱ ያለምክንያት አልመጣም፤ ጉንፋን ሁሉ ስፔሻሊስት ደጅ ቢሰለፍ ማን ይታከማል? ችግሩ ሰውየው ወረቀቱን ይዞ፣ ወረፋውን ጠብቆ፣ በመጨረሻ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «ከውጭ ግዙ» ሲባል ነው። መዋጮውን ያኔ ነው የሚያስታውሰው።

ታካሚ ምን እንደሚፈልግ የጠየቁ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና ጂማ አቅራቢያ በግልገል ጊቤ የተሠራ አንድ ጥናት የገጠር ሴቶችን «በየትኛው ተቋም መውለድ ትመርጫለሽ?» እያለ አማራጭ አቅርቦላቸው ነበር። መድኃኒትና መሣሪያ መኖሩ ከሁሉ በላይ መዘነ፤ የባለሙያው ፊትም ቀላል ቦታ አልያዘም። ጉዳዩ ወሊድ ቢሆንም ተመላላሽ ታካሚውም ከዚህ የራቀ መልስ ይሰጣል ብዬ አላምንም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ጥናት ከተመላላሽ ታካሚዎች 80 በመቶ ያህሉ ረክተዋል ይላል። ቁጥሩን ስሰማ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ምን ጠብቀው መጥተው ነበር? ስድብ ጠብቆ የመጣ ሰው ዝምታ ያስደስተዋል።

ባለሙያውንም መውቀስ ይቀላል። የጤና ሚኒስቴር «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚለውን መመሪያ ካወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የሐድያ ዞን የመንግሥት ሠራተኛ ግን በ2016 ዓ.ም. ደመወዙ ዘግይቶበት ከርሟል። ቀኑን ሙሉ ታካሚ እየተቀበለ የቤት ኪራይ የሚያሰላ ነርስ ፈገግታው ከየት ይመጣል?

ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሌላ ወረፋ አለው። በስልክ «ወደ አዲስ አበባ ውሰዷት፣ ገንዘቡን እልካለሁ» ይባላል። የመንግሥት ሆስፒታሉ የሚቀረው ከስልኩ ማዶ ማንም ለሌለው ነው። መስማት ለተሳነው ደግሞ፣ ሆሳዕና ለብዙ ዓመታት የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ሆና ሳለ፣ የምልክት ቋንቋ ሐኪሙ ክፍል በር ላይ ያልቃል።

አሮጊቷን ያየኋቸው ኋላ በሩ አጠገብ ነው። ከታዘዙላቸው ሦስት መድኃኒቶች አንዱ ተገኝቷል። ልጅቷን ያዝ አድርገው አንድ ነገር ጠየቋት። «‹በሽታዬ ምንድነው አሉ?› ነው የምትለው» አለችኝ ልጅቷ፤ ማዘዣውን ከፍ አድርጋ አየችው፣ ገለበጠችው። ጽሑፉ አልነበበላትም።