ቦታ ሲጠብ ዕቃን ስለ መምረጥ

ዕቃ መሰብሰብ ለሰው ሁሉ ቀላል ነው፤ ከተሰበሰበው መካከል የሚያዘውንና የሚተወውን መለየት ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የምንዛወር የጽሕፈት ቤት ሰዎች ይህን ነገር ደጋግመን እናየዋለን፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን በአንደኛው ጉዞ የተማርነውን ለሁለተኛው አናውለውም። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ስለ ሆንሁ የደረሰብኝን ተናግሬ፥ ከዚያ ያገኘሁትን ምክር ላካፍላችሁ አስቤአለሁ።

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በተዛወርሁ ጊዜ ጓዛችንን የሚያወርድልን አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ብቻ ነበረ። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከብርዳሙ ደጋ ወደ ሞቃቱ ቆላ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ይወርዳል። እኔም አስቀድሜ ትልቁን ቁም ሣጥን፥ ቀጥሎም አልጋዎቹንና ወንበሮቹን አስጫንሁ። ባለቤቴ «የወረቀቱ ሣጥን ይቅደም» ብትለኝ፥ «ትንሽ ስለ ሆነ በማናቸውም ስፍራ ይገባል» ብዬ መለስሁላት። በመጨረሻ መኪናው ስለ ሞላ ሣጥኑ ከሁሉ በላይ በገመድ ታሰረ። ዶርዜ አጠገብ ስንደርስ ብርቱ ዝናብ ወረደብን። ከቤታችን ደርሰን ብንከፍተው የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ቀለሙ ተደባልቆ፥ ከአባቴ የወረስሁት የብራና ዳዊትም ርሶ ተገኘ። ቁም ሣጥኑ ግን በሸራ ተሸፍኖ ስለ ነበረ አንዲት ጠብታ ሳትነካው ደረሰ፤ ነገር ግን በአዲሱ ቤት በር አልገባ ብሎ ደጅ አደረ።

በዚያ ምሽት ባለቤቴ ወረቀቱን አንድ በአንድ በጨርቅ ላይ ስትዘረጋ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋም ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። የ15 ዓመት ልጄ ግን «አባባ፥ ያን ሣጥን በማይነጠቀው ማኅደር ማኖር ነበረብዎ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ብጠይቀው፥ በስልክ ስለሚጫወተው ጨዋታ ነገረኝ።

የጨዋታው ሥርዓት እንዲህ ነው። ተጫዋቹ መሣሪያ ታጥቆ ወደ አደገኛ ስፍራ ይገባል፤ በዚያም ያገኘውን ዕቃ እየሰበሰበ ጊዜው ሳያልፍ ወደ መውጫው መድረስ አለበት። በሕይወት ከወጣ የያዘው ለእርሱ ይሆናል፤ ከሞተ ግን የያዘውን ያጣል። ከዚህ ዓይነት ስመ ጥር የሆነው፥ የሩስያ ሰዎች የሠሩት «ኢስኬፕ ፍሮም ታርኮቭ» በ2009 ዓ.ም. ለሙከራ የተከፈተ ሲሆን፥ ለስልክ የተሠራው «አሪና ብሬክአውት» በ2015 ዓ.ም. በብዙ አገር ተሠራጭቷል።

የተጫዋቹ ቦርሳ እንደ ሰንጠረዥ ገበታ በትናንሽ ቤቶች የተከፈለ ነው። ረጅም ጠመንጃ ብዙ ቤት ይይዛል፤ ትንሽ ጌጥ ግን አንድ ቤት ብቻ ይዞ በዋጋ ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች የዕቃውን ዋጋ ለሚይዘው ቤት ብዛት አካፍሎ ይመዝናል፤ ሰደፉ የሚታጠፈውን ጠመንጃ ያጥፋል፤ የተሻለ ነገር ሲያገኝ ያነሰውን ሳይሳሳ ይጥላል። ሲገባም የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ለሚያገኘው ስፍራ ይተዋል። ከዚህም ሌላ ቢሞት እንኳ የማይነጠቅ ትንሽ ማኅደር ስላለው፥ እጅግ የከበረውን ወዲያው በዚያ ያኖራል። ልጆቻችን ሌሊቱን በዚህ እንዲያነጉ አልመክርም፤ ትምህርቱ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ ሸምነው እንደ ሸማ የሚያስመስሉት ቤታቸው፥ በተሠራ ጊዜ እስከ 12 ሜትር ከፍ ሊል ይችላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። በውስጡ ለከብቱ፥ ለእሳቱና ለመኝታው ለእያንዳንዱ የተወሰነ ስፍራ አለው። ብዙ ስፍራ የሚፈልገው የእንሰት ምግብ ግን በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ከደጅ ተቀብሮ ይብላላል። እንግዲህ ቤቱ በየጊዜው የሚያጥርና ከስፍራው የሚነሣ ሰው፥ የማይረባ ዕቃ ቢያከማች ተጎጂው ራሱ ነው። ኖኅም መርከቡን 300 ክንድ አርዝሞ ሲሠራ የሚገባው ሁሉ በቍጥር ነበረ፤ ስንቅም አልተረሳም።

ስለዚህ ጓዝ ለሚያነሡ ቤተ ሰቦች ይህን እመክራለሁ።

1ኛ፤ ቢጠፋ በገንዘብ የማይተካውን ለዩ፤ ወረቀትን፥ መድኃኒትንና የአባት ቅርስን ውኃ በማያስገባ መያዣ አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙ እንጂ ለጫኝ አትስጡ።

2ኛ፤ ዕቃን በትልቅነቱ ሳይሆን ከሚይዘው ስፍራ ጋር አመዛዝናችሁ ገምቱት። የአዲሱን ቤት በር ሳትለኩ ቁም ሣጥን አትጫኑ።

3ኛ፤ ባዶ ዕቃ ባዶውን አይጓዝ፤ በድስቱ ውስጥ ጽዋው፥ በእንስራው ውስጥ ጨርቁ ይግባ።

4ኛ፤ የሚቀረውን ዕቃ ከጉዞው ሳምንት በፊት ለጎረቤት ስጡ ወይም ሽጡ፤ በመነሻው ሰዓት የሚደረግ ምርጫ ሁሉ የችኮላ ነውና።

5ኛ፤ ከሁሉ በላይ የቤት እመቤትን ምክር ስሙ፤ በየዕለቱ በዕቃው የምትሠራበት እርሷ የትኛው እንደሚያስፈልግ ታውቃለች።

ዛሬ በቤታችን በር አጠገብ አንዲት የቆዳ ማኅደር ተሰቅላለች፤ ወረቀቶቻችን ሁሉ በእርሷ አሉ፤ የምትጠብቃትም ባለቤቴ ናት። ዳዊቱም ደርቋል፤ ቅጠሎቹ ግን እንደ ተጨማደዱ ቀርተዋል። ማለዳ በገለጥሁት ቍጥር ጣቴ ያን ሲነካው፥ ትንሽ ብዬ የናቅሁት ሣጥን ትዝ ይለኛል።