ከወገብ ላይ የሚታይ ሽጉጥ፦ ጥበቃ ነው ወይስ ስጋት?

በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅና ጃናሞራ፣ ጠመንጃ ከገበሬው ትከሻ አይለይም። ትናንት ምንሽር ነበር፤ ዛሬ ክላሽ ነው። በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል። በጎንደር ከተማ ደግሞ ሰው እንዲያይለት ሽጉጡን ከወገቡ ታጥቆ ገበያ የሚወጣ አለ። ለመሆኑ ይህ ልማድ ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል? ምንስ ይጎዳል?

ይጠቅማል የሚሉ ወገኖች ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። የገጠሩ መንገድ ረጅም፣ ፖሊሱም ሩቅ ነው። ከብት ይዘረፋል፤ ሰው ይታገታል። መሣሪያው መታየቱ ብቻ ሌባን ይመልሳል ይላሉ። ኢስላምም ራስን መከላከልን አልከለከለም። ገንዘቡን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

ሆኖም ጉዳቱንም እንመዝን። አንደኛ፣ ሽጉጥ ራሱ ውድ ዕቃ ነው። የታየ ሽጉጥ አንዱን ሌባ ቢመልስ ሌላውን ይጠራል። ሁለተኛ፣ በስድብ ወይም በዱላ ያልፍ የነበረ ጠብ መሣሪያ ካለበት በደም ያበቃል። ደሙም በአንድ ሰው አይቆምም። ሽማግሌ ገብቶ ደም እስኪያደርቅ ድረስ ወንድምና የአጎት ልጅ ይፈላለጋሉ፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆች ቀዬአቸውን ጥለው ይሰደዳሉ።

ሦስተኛው ጉዳት ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ የሚደርሰው ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ወር፣ በጎንደር ከተማ የሼኽ ከማል ለጋስን ጀናዛ ለመቅበር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ከፍተኛ ኮሚሽነር ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን ገልጸው ነበር። ከዚህ በኋላ «እኛም እንታጠቅ» የሚል ወጣት ቢኖር ሐዘኑ ይገባናል። ነገር ግን ሁሉም ታጥቆ በሚወጣበት ቀብር፣ አንዲት የተወረወረች ድንጋይ የስንቱን ነፍስ ታስጠፋለች?

ዲናችን በዚህ ላይ ግልጽ አደብ አለው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በመስጊድ ወይም በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ወደ ወንድም መሣሪያ ማነጣጠርንም ከልክለዋል። ታላቁ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር በሚና እግራቸውን በጦር ጫፍ በቆሰሉ ጊዜ፣ ማን እንደወጋቸው ለጠየቃቸው ለሐጃጅ ጥፋተኛው እርሱ ራሱ መሆኑን ነገሩት። መሣሪያ በማይያዝበት ቀንና ቦታ እንዲገባ ያደረገው እርሱ ነበርና። ወጊው አንድ ሰው ቢሆንም፣ ተጠያቂው መሣሪያውን ከሕዝብ መካከል ያስገባው ነው ማለታቸው ነው።

የአገሪቱም ሕግ፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እንግዲህ አባቶች ሆይ! ችግር አስገድዷችሁ በፈቃድ የያዛችሁ ብትሆኑ፣ ለመስጊድ፣ ለገበያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ስትወጡ አትታጠቁት። በቤትም ጥይቱን ከመሣሪያው ለዩ፤ ልጅ ከማይደርስበት ቆልፉት። እናቶችም ልጃችሁን ወንድነት በመሣሪያ ነው እያላችሁ አታሳድጉት። ጎረቤቱ ከእጁና ከምላሱ ሰላም ያገኘለት ሰው ጀግና መሆኑን ንገሩት።

አላህ ከተማችንንና ደጋችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።