በአዲስ መንገድ ላይ መኪና ስለሚይዘው ሬንጅና ሲሚንቶ

በወላይታ ዞን፤ ከሶዶ ከተማ በስተ ምሥራቅ የምትገኘውን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በዴሳን የሚያውቃት ሰው፤ በዚያ አገር መኪናና ቀይ አፈር ምን ያህል የተቆራኙ እንደ ሆኑ ሳይነገረው ያውቃል። (በሐረርጌ ስላለችው በዴሳ መናገራችን አለመሆኑን አንባቢ ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን።) ከዳሞት ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ብላቴ ቆላ የሚወርድ መኪና፤ በበጋ አቧራ ለብሶ፤ በበልግና በክረምት ጭቃ ተለውሶ ይገባል። ለዚህስ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጥቂት ባልዲ ውኃና ሳሙና ካገኘ ይለቃል።

ነገር ግን መንገድ በሚሠራበት ቦታ ያለፈ መኪና ይዞት የሚመጣው እድፍ፤ እንደ አፈሩ ለውኃ የሚታዘዝ አይደለም። በፓራፋንጎው ዙሪያና በበሩ ግርጌ እንደ ምስር የተፈናጠቁ ጥቋቁር ነጠብጣቦች፤ በመስተዋቱ ላይ ደግሞ እንደ አመድ የነጡ ደረቅ ጠብታዎች ይታያሉ። ባለ መኪናው አንድ ቀን ያጥበዋል፤ አይለቅም። በማግሥቱ በአሸዋ ወይም በሽቦ ይፈትገዋል። በሦስተኛው ቀን ቤንዚን ያፈስበታል። በዚህ ጊዜ እድፉ ይለቃል፤ ቀለሙም አብሮ ይለቃል። የዕለት ጉርሱን ከባጃጅ ወይም ከሚኒባስ ለሚያገኝ ሰው ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ላሜራውን ከዝገት የሚጠብቅለት ልብስ ነው። ይህም ልብስ እጅግ ስስ ነው፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ከነሥሩ ቢለካ ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢሆን ነው፤ ብርሃን የሚሰጠው የላይኛው ንብርብርማ ከፀጉር ይቀጥናል።

እንግዲህ ከመፈተግ በፊት እድፉ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ጥቁሩ ሬንጅ ነው። ሬንጅ ማለት ከድፍድፍ ነዳጅ ቤንዚኑ፤ ነጭ ጋዙና ናፍጣው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። የአስፋልት መንገድ ከመቶው 95 እጅ ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ሲሆን፤ ይህን ሁሉ አጣብቆ የሚይዘው 5 እጅ ያህል የሆነው ሬንጅ ነው። ኖኅ መርከቡ ውኃ እንዳያስገባ ያደረገበት ቅጥራንም የዚሁ ዘመድ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1901 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ሁሊ የተባለ ሰው፤ ከበርሜል የፈሰሰ የድንጋይ ከሰል ቅጥራን በላዩ ጠጠር ተደፍቶበት አቧራ የሌለው መንገድ ሆኖ አገኘ ይባላል፤ በተከታዩም ዓመት ሥራውን በስሙ አስመዘገበ። ሥራው መጣበቅና ውኃን መከልከል የሆነውን ነገር በውኃ እናስለቅቀው ማለት፤ ከባሕርዩ ጋር መታገል ነው።

መንገድ ሠሪዎች አስፋልቱን ከማንጠፋቸው በፊት፤ በዳምጠው በተጠቀጠቀው ጠጠር ላይ ስስ ሬንጅ ይረጫሉ። ይህም ቀጥኖ ወደ ጠጠሩ እንዲሰርግ በነጭ ጋዝ የተበረዘ ስለ ሆነ፤ ጋዙ ተንኖ እስኪያልቅ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን፤ ብርድና እርጥበት ባለበት ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። መኪናን በብዛት የሚያበላሸው የተነጠፈው አስፋልት ሳይሆን ይህ ገና ያልደረቀው ርጭት ነው። ስለዚህ ምልክት ቆሞ ሳለ «ጊዜ የለኝም» ብሎ የተደረደረውን ድንጋይ አስነሥቶ የሚያልፍ ሾፌር፤ ያተረፈውን ሩብ ሰዓት በላቫጆ ውስጥ ግማሽ ቀን ይከፍልበታል። ረዳቱማ ከእርሱ የበለጠ ይከፍላል፤ የሚያጥበው እርሱ ነውና።

ሬንጁ በነጭ ጋዝ መበረዙ መድኃኒቱንም ይጠቁመናል። ነጭ ጋዝ ያቀጠነውን ነጭ ጋዝ መልሶ ያቀልጠዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናውን ከፀሐይ አግልሎ፤ ላሜራው ሲበርድ፤ አቧራውን በብዙ ውኃ ማውረድ ነው፤ አቧራው ሳይወርድ ጨርቅ ያሳረፈ ሰው ቀለሙን በአሸዋ እንደ ፈተገ ይቈጠራል። ቀጥሎ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ፤ ዓይን በማያየው ቦታ ትንሽ ሞክሮ ቀለሙ ጨርቁን ይነካው እንደ ሆነ መመልከት ነው። ቀለሙ ካልነካው፤ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሶ በነጠብጣቡ ላይ አሳርፎ ሁለት ሦስት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ትዕግሥቱ ከጉልበቱ ይበልጣል። ሬንጁ ቡናማ ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር ሳይጫኑ መጥረግና የጨርቁን ንጹሕ ገጽ እየገለበጡ መድገም ነው፤ ያንኑ ጥቁር ጨርቅ መላልሶ መጠቀም ሬንጁን በሌላ ቦታ መቀባት ነውና። ከዚያም ወዲያው በሳሙና ማጠብ ይገባል። ናፍጣም ይህንኑ ይሠራል፤ ቅባቱ ግን ብዙ ሳሙና ይፈልጋል። የምግብ ዘይት ከሁሉ የዘገየና ከሁሉ የለዘበ ነው፤ ዋጋው ግን ከቀለሙ ጋር የሚያከራክር ሆኗል።

ቤንዚንን አንመክርም። ቤንዚን በብርድ አገር እንኳ ሳይቀር እሳት የሚይዝ ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተሳቦ፤ ራቅ ብሎ ቡና የሚፈላበት ከሰል ድረስ ሊደርስ ይችላል። ነጭ ጋዝም ቢሆን ሲጋራ እያጨሱ የሚይዙት ነገር አይደለም። ቲነር ደግሞ ከፋብሪካ ወጥቶ እንደ ገና በጋራዥ የተቀባን መኪና ቀለም ከነሥሩ ሊያነሣ ይችላል፤ በአገራችን እንደ ገና ያልተቀባ አሮጌ መኪና ስንት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው።

ነጩ ጠብታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ድልድይ፤ የውኃ መውረጃና የመንገድ ጠርዝ ከሚሠራበት የሚፈናጠቅ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ እንደ ኖራ የሚያቃጥል ስለ ሆነ፤ ቀለሙንም መስተዋቱንም ቀስ በቀስ ይበላል። እርጥብ ሳለ፤ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ፤ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። ከደረቀ በኋላ በጥፍር ወይም በቢላዋ መፈልቀቅ የቀለሙን ቅርፊት አብሮ ማንሣት ነው። እዚህ ላይ ነጭ ጋዝ አይረዳም፤ የሚረዳው አቼቶ ነው። አቼቶውን በእኩል ውኃ በርዞ፤ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ፤ ሳይደርቅ ጥቂት ደቂቃ ቢቈይ ሲሚንቶው እየላላ ይሄዳል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ ነው። አቼቶ ይህን ከሠራ የባትሪ አሲድ ይልቁንም ይሠራል የሚል ሰው ቢኖር፤ አሲዱ ብረቱንም የሚነካውን እጅና ዓይንም እንደሚበላ ይወቅ።

አሁን ወደ መስተዋቱ እንምጣ። መስተዋትን የሚቧጭረው ብዙውን ጊዜ ምላጩ ሳይሆን በመካከል የገባው አሸዋ ነው፤ አሸዋ ከመስተዋት ይጠነክራልና። ስለዚህ መስተዋቱ በሚገባ ታጥቦ፤ በሳሙና ውኃ እንደ ረጠበ፤ አዲስ ምላጭ አጋድሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መግፋት ይቻላል፤ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ግን አይገባም። በቀለም ላይ፤ በፕላስቲክ መብራት ላይ፤ ላስቲክ በተለጠፈበት መስተዋት ላይ፤ እንዲሁም ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ባሉበት የኋላ መስተዋት ውስጠኛ ገጽ ላይ ምላጭ ከቶ አይነካም። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ነጭ ጋዝ እንዳይነካውም መጠንቀቅ ነው፤ ያብጣል፤ ይላላልም። ሬንጅ የያዘውን መጥረጊያ ማስነሣትማ ጥቁሩን በመላው መስተዋት ላይ መቀባት ነው።

የተቧጨረ ወይም ቅባት የቀረበት መስተዋት ቀን ቀን ምንም አይመስልም። ማታ ግን ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ሲያበራ፤ ጭረቱ ሁሉ እንደ ሸረሪት ድር ያበራና የሾፌሩን ዓይን ይሸፍናል። በዚያ ሰዓት በመንገዱ ጠርዝ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችና ከብት የሚነዱ ልጆች ይኖራሉ። ስለዚህ ሾፌሩ መስተዋቱን አጥቦ ሲጨርስ በመሸ ጊዜ ከፊቱ መብራት አስበርቶ ቢመለከተው፤ ቀን የተሰወረውን ያያል።

የታጠበበትን ነጭ ጋዝና ጨርቅ በተመለከተ፤ ውኃ ከሚቀዳበት ምንጭና ከወንዝ ዳር መራቅ ግዴታ ነው። የአጣቢዎቹም እጅ አለ። ብዙዎቹ ወጣቶች ሬንጅ የያዘውን እጃቸውን በቤንዚን ሲታጠቡ እናያለን፤ ይህም የቆዳን ወዝ ጨርሶ ያነሣል፤ ያሰነጥቃልም። በምትኩ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ አሽቶ፤ ሬንጁ ሲላላ በጨርቅ ጠርጎ በሳሙና መታጠብ ነው። ለመኪና ሲባል የወላይታን ቅቤ የሚያወጣ ሰው ይኖራል ብለን አናምንም፤ ለእጅ ግን ጥፍር ላይ የምትቀመጥ ያህል ትበቃለች።